መሣሪያው የራሱን ድምፅ ሲሰማ፦ በኤሌክትሪክ ከሚነቃቃ ጡንቻ ንጹሕ ምልክት ማግኘት ለምን አስቸገረ?

ስትሮክ ያደከመውን እጅ ለማንቀሳቀስ የሚያግዝ መሣሪያ እናስብ። ታካሚው እጁን ለመዘርጋት ሲሞክር ከክንዱ ጡንቻ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ይወጣል። መሣሪያው ያንን ምልክት አንብቦ ወደዚያው ጡንቻ የማነቃቂያ ምት ይልካል፤ ታካሚው በበረታ ቁጥር እገዛውም ይበረታል። ሐሳቡ ያምራል። ጣጣው የሚጀምረው የመጀመሪያው ምት እንደተላከ ነው፤ ከዚያ በኋላ በቀረጻው ላይ ጎልቶ የሚታየው የታካሚው ሙከራ ሳይሆን የመሣሪያው የራሱ ምት ነው። ከዚህ ምት ጥቂቱ እንኳ ሳይጠራ ካለፈ መቆጣጠሪያው «ታካሚው እየበረታ ነው» ብሎ ኃይል ይጨምራል። ኃይሉ ሲጨምር ያልጠራው ቅሪት ያድጋል፤ ቅሪቱ ሲያድግ ኃይሉ እንደገና ይጨምራል። ታካሚው እጁን ላሳርፍ ቢል እንኳ መሣሪያው አይለቀውም።

ጉዳዩ የቤተ ሙከራ ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በዲሴምበር 2024 አርክ-ኤክስ የተባለውን፣ በቆዳ ላይ ሆኖ ሕብለ ሰረሰርን የሚያነቃቃ መሣሪያ ፈቅዷል፤ ዓላማው ሕብለ ሰረሰራቸው ለተጎዳ ሰዎች የእጅን ጥንካሬና ስሜት ማሻሻል ነው። እንዲህ ያሉ ሕክምናዎች በተስፋፉ ቁጥር «ምቱ እየተሰጠ ጡንቻው ምን እያደረገ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይደጋገማል። መልሱ የሚገኘው ከጡንቻ የኤሌክትሪክ ቀረጻ፣ በተለምዶ ኢኤምጂ ከሚባለው ነው። ቀረጻውን የሚያበላሸውን ባዕድ ምልክት ባለሙያዎች አርቲፋክት ይሉታል።

መጠኖቹን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። በቆዳ ላይ የሚለካው የፈቃድ ኢኤምጂ፣ ማለትም ሰውየው ራሱ አስቦ ጡንቻውን ሲያዝ የሚወጣው ምልክት፣ ከጥቂት አሥር ማይክሮቮልት ተነሥቶ በጤነኛና ጠንካራ ጡንቻ ጥቂት ሚሊቮልት ይደርሳል። በተዳከመ ጡንቻ 50 ማይክሮቮልት ካገኘን ደስ ይለናል። ማነቃቂያው በበኩሉ ከ10 እስከ 100 ሚሊአምፔር የሚደርስ ጅረት ለ0.1 እስከ 0.5 ሚሊ ሰከንድ ይለቃል፤ ይህን ጅረት በቆዳ ውስጥ ለመግፋት በኤሌክትሮዶቹ መካከል ብዙ ጊዜ ከ100 ቮልት የሚጠጋ ግፊት ያስፈልገዋል። ከቅርብ ርቀት የተለጠፈው የቀረጻ ኤሌክትሮድ ከዚህ አንድ ሺሕኛው እንኳ ቢደርሰው 100 ሚሊቮልት ነው፤ የምንፈልገው ምልክት 2,000 እጥፍ።

ከአንድ ምት በኋላ በቀረጻው ላይ የሚታዩት ነገሮች ተራ አላቸው። መጀመሪያ ሹል ጫፍ ይመጣል፤ እርሱ ምቱ ራሱ ነው። ተከትሎት ቀስ እያለ የሚወርድ ጅራት አለ። በጅራቱ ላይ ተደርቦ፣ ከምቱ 2 እስከ 5 ሚሊ ሰከንድ ቆይቶ፣ ኤም-ሞገድ ይነሣል፤ ይህ ምቱ የቀሰቀሳቸው የጡንቻ ክሮች በአንድነት የሚሰጡት ምላሽ ሲሆን ቁመቱ ጥቂት ሚሊቮልት፣ ርዝመቱም ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ ነው። ምቱ በሰከንድ 40 ጊዜ ከተደጋገመ በሁለት ምቶች መካከል ያለው 25 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ሃያው በጫፉ፣ በጅራቱና በኤም-ሞገዱ ከተበላ የታካሚው ፈቃድ የሚሰማበት መስኮት 5 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ቀላል መፍትሔ አለ፦ ድግግሞሹን መቀነስ። በ20 ሄርዝ የሁለት ምቶች ርቀት 50 ሚሊ ሰከንድ ስለሚሆን ነጻው መስኮት ከ5 ወደ 30 ያድጋል፤ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ዋጋው ጡንቻው ለስልሶ ከመኮማተር ይልቅ ትንሽ መንቀጥቀጡ ነው፤ በአንጻሩ የሚደክመው ዘግይቶ ነው። ውስብስብ ስሌት ከመጻፍ በፊት ይህንን ቁጥር መንካት ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል። ማነቃቂያው ብዙ ቻናል ካለው ደግሞ የቻናሎቹን ምቶች እኩል አራርቆ ማሰራጨት ትልቅ ስሕተት ነው። አራት ቻናሎች በ25 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ እኩል ከተከፋፈሉ በየ6.25 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ጫፍ ይመጣልና ምንም መስኮት አይተርፍም። በ1 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት አከታትሎ መልቀቅና የቀረውን ጊዜ ነጻ መተው ይሻላል።

ጅራቱ ከየት መጣ?

ስለ ጫፉ ብዙ ይባላል፤ የሚያስቸግረው ግን ጅራቱ ነው። ጫፉ አጭር ስለሆነ ተቆርጦ ይጣላል። ጅራቱ ግን ሁለት ምንጭ አለው። አንዱ ኤሌክትሮዱና ቆዳው የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ እንደ ካፓሲተር ቻርጅ ይይዝና ምቱ ካለቀ በኋላ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ሁለተኛው ራሱ የቀረጻ ማጉያው ነው፤ ይልቁንም በውስጡ ያለው ሃይ-ፓስ ፊልተር፣ ማለትም ከተወሰነ ድግግሞሽ በታች ያለውን ምልክት የሚቆርጠው ክፍል።

ስሌቱ ቀላል ስለሆነ እንሥራው። ፊልተሩ የሚቆርጥበት ድግግሞሽ 10 ሄርዝ ቢሆን የመርገቢያ ጊዜው፣ ማለትም ቅሪቱ ወደ 37 በመቶ የሚወርድበት ጊዜ፣ 16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። 100 ሚሊቮልት ቁመትና 0.3 ሚሊ ሰከንድ ስፋት ያለው ባለ አንድ አቅጣጫ ጫፍ በዚህ ፊልተር ሲያልፍ 1.9 ሚሊቮልት ያህል ወደ ተቃራኒው ወገን ይጥላል። ያ ጉድጓድ ወደ 10 ማይክሮቮልት እስኪሞላ 83 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ እስከዚያ ሦስት አዳዲስ ምቶች መጥተዋል። በ20 ሄርዝ 47 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። በ100 ሄርዝ ጉድጓዱ 17 ሚሊቮልት ያህል ጥልቀት ይኖረዋል፤ ይሁን እንጂ በ12 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ይጠፋል። በ1 ሄርዝ ደግሞ ጉድጓዱ 0.19 ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ ለመሙላት ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅም በሁለት ምቶች መካከል ቀጥ ያለ መስመር መስሎ ስለሚሄድ በቀላሉ ይቀነሳል።

ውጤቱን ልብ በሉ። ለተራ ኢኤምጂ ሁሉም ሰው የሚመርጠው የ10 እና የ20 ሄርዝ ቁራጭ ለዚህ ሥራ የከፋው ምርጫ ነው፤ ጅራቱ ትልቅም ረጅምም የሚሆነው እዚያ ላይ ነው። ወይ ዝቅ ብሎ ወደ 1 ሄርዝ መውረድ፣ ወይ ከፍ ብሎ ወደ 100 መውጣት ያዋጣል። ምቱ ሁለት አቅጣጫ ያለውና የሁለቱም ቻርጅ የተስተካከለ ከሆነ ጉድጓዱ ይቀንሳል፤ ማነቃቂያው ምርጫ ከሰጠ ይህንን መምረጥ አያጠያይቅም።

ወደ 1 ሄርዝ ለመውረድ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ማጉያው ጣሪያውን መንካት የለበትም። የቆየው ዓይነት ማጉያ 1,000 እጥፍ አጉልቶ ±5 ቮልት ያወጣል፤ ስለዚህ የሚቀበለው ±5 ሚሊቮልት ብቻ ነው። 100 ሚሊቮልት ሲመጣበት ይታፈናል፤ ታፍኖ በቆየበት ጊዜ ከሥር የነበረው የጡንቻ ምልክት ከነጭራሹ አልተመዘገበም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ የትኛውም የኮምፒውተር ስሌት ይህንን አይመልስም። አዳዲሶቹ ባለ 24 ቢት ቺፖች እዚህ ላይ ትልቅ እፎይታ ሰጥተዋል። ለምሳሌ ኤዲኤስ 1299 የተባለው ቺፕ 24 እጥፍ እያጎላ እስከ ±187.5 ሚሊቮልት ይቀበላል፤ ትንሿ ደረጃውም 0.022 ማይክሮቮልት ናት። ጫፉን ሙሉ በሙሉ ይዞ ደካማውንም ምልክት አይጥልም። ሌላው መንገድ ከምቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የማጉያውን መግቢያ የሚዘጋና ከ1 ወይም ከ2 ሚሊ ሰከንድ በኋላ የሚከፍት ስዊች ነው። ስዊቹ ሲከፈት የራሱን ትንሽ ምት ስለሚወረውር እርሱንም መለካት ያስፈልጋል።

ከኮምፒውተሩ በፊት፣ ቆዳው ላይ

በቆዳው ላይ በአሥር ደቂቃ የሚስተካከል ነገር በፕሮግራም ሳምንት ይፈጃል። የሁለቱ የቀረጻ ኤሌክትሮዶች ሥራ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት መለካት ነው። የማነቃቂያው ጅረት ለሁለቱም እኩል ቮልቴጅ ካደረሰ ልዩነቱ ይጠፋል። ስለዚህ የቀረጻ ጥንዱን የማነቃቂያ ኤሌክትሮዶቹን ከሚያገናኘው መስመር ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራና ከሁለቱም የማነቃቂያ ኤሌክትሮዶች እኩል ርቀት ላይ እንዲሆን ማዞር አርቲፋክቱን በብዙ ይቀንሰዋል። የተለመደው መመሪያ ግን ኤሌክትሮዶቹ በ20 ሚሊሜትር ርቀት በጡንቻው ክሮች አቅጣጫ ይለጠፉ ይላል፤ ሁለቱ ምክሮች ብዙ ጊዜ ይጋጫሉ። ኢኤምጂው ትንሽ ቢያንስም አርቲፋክቱ ብዙ ከቀነሰ ማዞሩ ያዋጣል። ይህ የሚወሰነው በመመሪያ ሳይሆን እዚያው እየለኩ፣ 10 ዲግሪ እያዞሩ በመሞከር ነው።

መሬት ኤሌክትሮዱ ሰፊ ይሁን፤ በማነቃቂያውና በቀረጻው መካከል ይቀመጥ። ቆዳው በአልኮል ይጠረግ፣ በስሱ ይፈተግ፤ የንክኪው ተቃውሞ ከ10 ኪሎ ኦም በታች ይውረድ። ከመውረዱ በላይ ደግሞ የሁለቱ ኤሌክትሮዶች ተቃውሞ መቀራረብ አለበት። አንዱ 2 ሌላው 15 ኪሎ ኦም ከሆነ ለሁለቱም እኩል የመጣው ቮልቴጅ ማጉያው ሲደርስ ልዩነት ሆኖ ይታያል። ማነቃቂያው ከቀረጻው መሣሪያ በኤሌክትሪክ የተነጠለ መሆን አለበት፤ አለዚያ ጅረቱ በመሬት ኤሌክትሮዱ በኩል መመለሻ ያገኛል። ይህ ለቀረጻው ጥራት ብቻ ሳይሆን ለታካሚው ደኅንነትም ግዴታ ነው። ገመዶቹ ጎን ለጎን አይሂዱ። በሁለቱ ዓይነት ኤሌክትሮዶች መካከል የፈሰሰ ጄል ወይም ላብ ደግሞ ድልድይ ይሆናል፤ በሙከራው መጀመሪያ ንጹሕ የነበረ ቀረጻ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲበላሽ መጀመሪያ መታየት ያለበት እዚያ ነው።

መጀመሪያ መቁረጥ፣ ከዚያ ማጣራት

በሶፍትዌር በኩል ተደጋግሞ የሚታየው ስሕተት ቅደም ተከተል ነው። ቀረጻው እንደተገኘ በልማድ ከ20 እስከ 450 ሄርዝ የሚያሳልፍ ፊልተር ይደረግበታል፤ ከዚያ «አርቲፋክቱን እንቁረጥ» ይባላል። በዚህ ጊዜ ፊልተሩ 0.3 ሚሊ ሰከንድ የነበረውን ጫፍ ወደ አሥርና ሃያ ሚሊ ሰከንድ አስፋፍቶታል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሠራው ዓይነት ፊልተርማ የባሰ ነው፤ አርቲፋክቱን ከምቱ በፊት ወዳለው ጊዜ ሳይቀር ይወስደዋል። ያን ያየ ሰው «ጡንቻው ከምቱ በፊት ምላሽ ሰጠ» ወደሚል አስቂኝ መደምደሚያ ሊደርስ ይችላል። የ50 ሄርዝ የመብራት መስመር ጩኸትን የሚያጠፋው ጠባብ ፊልተርም ከእያንዳንዱ ጫፍ በኋላ እንደተመታ ደወል ለረጅም ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ትክክለኛው ተራ ይህ ነው፦ ጥሬውን ቀረጻ መያዝ፣ ጫፉን መቁረጥ፣ ክፍተቱን ሁለቱን ዳር በሚያገናኝ መስመር መሙላት፣ ጅራቱን መቀነስ፣ ከዚያ ብቻ ፊልተር ማድረግ።

ለዚህ ጥሬው ቀረጻ ፈጣን መሆን አለበት። በሰከንድ 2,000 ናሙና ብንወስድ በሁለት ናሙናዎች መካከል 0.5 ሚሊ ሰከንድ አለ፤ 0.3 ሚሊ ሰከንድ የሚቆየው ምት በመካከል ይወድቃል። የሚመዘገበው ቁመትም ከምት ምት ይለያያል። መሣሪያው ከፈቀደ በ10,000 ቀርጾ፣ ቆርጦ፣ በኋላ ወደ 2,000 ማውረድ ይመረጣል። ፊልተራቸው ውስጣቸው ተቆልፎ የሚመጣ ሽቦ አልባ የኢኤምጂ መሣሪያዎች ለዚህ ሥራ አይመቹም፤ ከመግዛት በፊት ይህ መጠየቅ አለበት።

የተቆረጠው ቦታ በዜሮ ከተሞላ ሌላ ወጥመድ አለ። ከ25 ሚሊ ሰከንድ 20ው ዜሮ ሆኖ የምልክቱ መጠን (አርኤምኤስ፣ ማለትም የናሙናዎቹ ካሬ አማካይ ካሬ ሥር) በጠቅላላው ጊዜ ቢሰላ ከእውነተኛው 45 በመቶ ያህል ብቻ ይወጣል። ስሌቱ በተረፉት ናሙናዎች ላይ ብቻ ይደረግ። የድግግሞሽ ትንታኔ ለመሥራት ደግሞ እንዲህ የተቆራረጠ ቀረጻ አይበቃም፤ 40 ሄርዝና ብዜቶቹ ላይ የሚነሡት ጫፎች የመቁረጫው አሻራ እንጂ የጡንቻው አይደሉም።

የመቀነስ ሒሳብ

መስኮቱ ሲጠብ መቁረጥ ብቻ አይበቃም፤ ኤም-ሞገዱንም መቀነስ ይፈለጋል። መነሻ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ምቱና ኤም-ሞገዱ ከዙር ዙር፣ ማለትም ከአንዱ ምት እስከ ቀጣዩ ባለው ጊዜ ሁሉ፣ ይመሳሰላሉ፣ የፈቃድ ኢኤምጂ ግን አይመሳሰልም። ቀላሉ መንገድ የአሁኑን ዙር ካለፈው ዙር ቀንሶ ለ1.41 ማካፈል ነው፤ ማካፈሉ የሁለት ዙሮች የፈቃድ ምልክት ስለተደመረ ነው። ይህ ዘዴ የሚሠራው የአንድ ዙር ርዝመት ሙሉ የናሙና ቁጥር ሲሆን ነው። በ2,000 ናሙናና በ40 ሄርዝ 50 ይወጣል፤ ጥሩ ነው። በ35 ሄርዝ 57.14 ይሆናል፤ ያች 0.14 ከዙር ዙር እየተጠራቀመች አሰላለፉን ታዛባለች።

አሰላለፍ ምን ያህል ያስከፍላል? የ3 ሚሊቮልት ኤም-ሞገድ ዋና ኃይሉ 100 ሄርዝ አካባቢ ነው እንበል። ሁለቱ ዙሮች በ0.1 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ቢሳሳቱ የሚቀረው ስሕተት 6 በመቶ፣ ማለትም 190 ማይክሮቮልት ገደማ ነው። እንፈልገው የነበረው ምልክት 50 ነበር። ማነቃቂያውና ቀረጻው እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሰዓት ሲሠሩ፣ ሰዓቶቹ ከሚሊዮን 50 ያህል በተቃራኒ አቅጣጫ ቢዛነፉ በአንድ ደቂቃ 6 ሚሊ ሰከንድ ይለያያሉ። ስለዚህ «በየ25 ሚሊ ሰከንዱ ምት አለ» ብሎ መቁጠር አያዋጣም፤ የማነቃቂያው ምልክት ሰጪ ገመድ በአንዱ የቀረጻ ቻናል ገብቶ እያንዳንዱ ምት የተላከበት ቅጽበት መመዝገብ አለበት። ገመዱ ከሌለ ናሙናዎቹን አሥር እጥፍ አብዝቶ የጫፎቹን ቅርጽ በማጣጣም ማሰለፍ ሁለተኛው አማራጭ ነው።

በአንድ ዙር ፋንታ የብዙ ዙሮችን አማካይ መቀነስም ይቻላል። አማካዩ በበዛ ቁጥር የሚጨምረው ጩኸት ያንሳል፤ ነገር ግን ጡንቻው ሲደክም ኤም-ሞገዱ ይሰፋል፣ ቁመቱም ይለወጣል፣ የአንድ ደቂቃ አማካይ ለአሁኑ ዙር አይገጥምም። በዚህ የተነሣ ካለፉት ጥቂት ዙሮች፣ ለምሳሌ ከስድስቱ፣ ለእያንዳንዱ ተስማሚ ክብደት እያሰሉ የአሁኑን የሚተነብዩ ዘዴዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይሠራባቸዋል። ጥሩ ናቸው፤ ግን ነጻ አይደሉም። 50 ናሙና ባለው ዙር ላይ ስድስት ክብደቶችን ማስማማት ከፈቃድ ምልክቱም 12 በመቶ ያህሉን ይዞ ይሄዳል። በስድስት ፈንታ ሃያ ዙር የሚጠቀም ሰው ማያው ላይ እጅግ ንጹሕ መስመር ያያል፤ ንጹሕ የሆነው ግን የታካሚውም ሙከራ አብሮ ስለጠፋ ነው።

ለተግባራዊ መቆጣጠሪያ ቀለል ያለው ጥምረት ይሻላል፦ መጀመሪያ ጫፉንና የኤም-ሞገዱን ዋና ክፍል መቁረጥ፣ በተረፈው መስኮት ላይ ከ200 ሄርዝ በታች ያለውን መጣል። የኤም-ሞገድ ጅራት ዝግ ያለ ነው፤ የፈቃድ ኢኤምጂ ግን ከ200 በላይም የሚበቃ ኃይል አለው። የቅርጹ ዝርዝር ይጠፋል፤ ለመቆጣጠሪያው ግን የሚያስፈልገው «በረታ ወይስ ደከመ» የሚለው ብቻ ነው።

ባዕድ የሚባለው የቱ ነው?

ኤም-ሞገዱን እስካሁን እንደ ጠላት ቆጥረነዋል። የጡንቻ ድካምን ለሚያጠና ሰው ግን የሚፈለገው እርሱው ነው። ሕብለ ሰረሰር ሲነቃቃ ደግሞ ዋናው መረጃ ከምቱ ጋር ተቆራኝቶ የሚመጣው የሪፍሌክስ ምላሽ ነው፤ ዙርን ከዙር የሚቀንስ ዘዴ ያንኑ መረጃ ጠራርጎ ያጠፋዋል። በተቃራኒው የፈቃድ ምልክት ለሚፈልግ ሰው ሪፍሌክሱ ሌላ ወጥመድ ነው። በክንድ ጡንቻ ኤች-ሪፍሌክስ፣ ማለትም ምቱ በስሜት ነርቭ በኩል ሕብለ ሰረሰር ደርሶ ወደ ጡንቻው የሚመልሰው ምላሽ፣ ከምቱ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ይመጣል፤ «ነጻ ነው» ያልነው መስኮት ዳር ላይ ማለት ነው። በባት ጡንቻ 30 ሚሊ ሰከንድ ያህል ስለሚዘገይ በ40 ሄርዝ ሲነቃቃ ከሚቀጥለው ምት 5 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ይወድቅና የእርሱን ኤም-ሞገድ መስሎ ይታያል።

አርቲፋክትን ከሥነ ሕይወታዊ ምላሽ ለመለየት ሁለት ፈተናዎች አሉ። የምቱን አቅጣጫ መገልበጥ አንዱ ነው፤ አርቲፋክቱ አብሮ ይገለበጣል፣ የጡንቻው ምላሽ ግን እንዳለ ይቆያል። ይሁንና ሲገለበጥ ነርቩ የሚቀሰቀስበት ቦታ ትንሽ ስለሚለወጥ ምላሹም በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፤ ሁለቱን ደምሮ ፍጹም ዜሮ መጠበቅ የዋህነት ነው። ሁለተኛው በ50 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት ሁለት ምት መላክ ነው። ሪፍሌክስ ከሆነ ሁለተኛው ምላሽ ይዳከማል፤ አርቲፋክት ወይም ቀጥተኛ ምላሽ ከሆነ ግን ሁለቱ ይመሳሰላሉ።

ስሌቱ መሥራቱን በዓይን ማረጋገጥ አይቻልም። የሚያስፈልጉት ሦስት ቀረጻዎች ናቸው። ታካሚው ዘና ብሎ ምቱ ሲሰጥ የተቀዳው ሲጠራ፣ ምት ሳይኖር ከተቀዳው የዕረፍት ቀረጻ ጋር በመጠን መመሳሰል አለበት። ምት ሳይኖር ታካሚው ሲሞክር የተቀዳው በዚያው ስሌት ሲያልፍ ምን ያህሉ እንደጠፋ ያሳያል። ሦስተኛው የሁለቱ ድምር ነው፤ ዘና ብሎ ምት የተሰጠውንና ያለ ምት የሞከረውን በኮምፒውተር ደምሮ ማጥራት፣ ውጤቱን ከሚታወቀው እውነት ጋር ማነጻጸር። ይህ ሦስተኛው ከእውነታው ትንሽ ይለግሳል፤ ምቱ በነርቭ ላይ ወደ ኋላ የሚልከው ሞገድ ወደ ፊት ከሚመጣው የፈቃድ ትእዛዝ ጋር ተጋጭቶ ያጠፋዋልና፣ በእውነተኛው ሰው ላይ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የፈቃዱ ምልክት ራሱ ያንሳል። ሦስቱም ፈተናዎች በሦስት የጅረት ደረጃዎች፣ በዝቅተኛው፣ በመካከለኛውና ታካሚው በሚችለው ከፍተኛው መደገም አለባቸው። ዘና ባለው ቀረጻ ላይ የሚቀረው ቅሪት ጅረቱ ሲጨምር አብሮ ከጨመረ፣ ያ ስሌት ከማነቃቂያው መቆጣጠሪያ ጋር ገና አይገናኝም።